ከውሃው ማማ ውጭ ምን አለ

የዓለምን መጨረሻ የጻፍኩት በምሳ እረፍት ነው። ጅቡቲን የማያውቅ ሰው ይስቃል፤ የሚያውቃት ግን ይገባዋል። ሐምሌ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ይዘጋል። ጫቱ ከኢትዮጵያ ደርሶ ወንዱ ሁሉ እስሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደየጥላው ከገባ በኋላ ካርቲየ አንድ በሚሉት ሠፈራችን ድመት እንኳ አይታይም። ካምሲን የሚሉት ያ የበረሃ ነፋስ ብቻውን መንገዱን ይዞ ፌስታል ያንከባልላል፣ የተዘጋ በር ይደበድባል። እኔ ታዲያ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ካለው የትራንዚት ቢሮ በላብ ተጠምቄ እመጣና፣ ከቤተሰብ በቀረልን የእንጨት ቤት ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልኬን ከፍቼ ሰውን ሁሉ እፈጃለሁ። ጠዋቱን ሙሉ የሌላ ሰው ኮንቴይነር ሲያስጮኸኝ የዋለው ንዴት እዚያ ይወጣልኛል።

እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ሐበሻ ነኝ። አያቴ ከባቡሩ ጋር መጣ፤ የድሮው ባቡር ሲቆም እሱ ቀድሞ እዚሁ ተቀብሮ ነበር። በፈረንሳይኛ እሠራለሁ፣ በሶማልኛ እከራከራለሁ፣ በዓረብኛ አስቤዛ እገዛለሁ፣ በአማርኛ እሳደባለሁ። ጽሑፍ ደግሞ ሰው በሚሳደብበት ቋንቋ ካልሆነ አይጥምም።

አዲስ አበባ ሆኖ በቴሌግራም የድምፅ ትረካ የሚያሰራጭ አንድ ሰው አለ። ድምፄን ወዶልኝ፣ ደህና ደህና የፍቅር ታሪክ እየጻፍኩ ሳነብለት ቆየሁ። አንድ ቀን «ጨለማ ፍቅር ጻፊልኝ» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «ሴትየዋ ያፈናትን ሰው የምትወድበት ነዋ! ዓለም ካለቀ በኋላ ያለ ይሁን፤ አሁን የሚሰማው እሱ ነው» አለኝ። የሚሰሙት በአብዛኛው ዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው፤ ሳህን እያጠቡ፣ አንድ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው። ወይ ጉድ አልኩ። ፓስፖርቷን ተነጥቃ በሰው ቤት ተቆልፎባት የምትኖር ልጅ፣ ለመዝናኛዋ ሌላ የተቆለፈባት ሴት ትፈልጋለች? ግን ጻፍኩት። ስጽፈው ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ጣመኝ።

በታሪኬ ነፋሱ አንድ ቀን ይነሳና አይቆምም። ባሕሩ ይሸሻል፣ ወደቡ ላይ ክሬኖቹ እንደቆሙ ይቀራሉ፣ ሰው ያልቃል። የሚተርፈው አንድ የውሃ ማማ ነው፤ ማማውም የአንድ ሰው ነው። ይህ ሰው አንዲት ሴት አሸዋ ላይ ወድቃ ያገኛታል። አንስቶ ማማው ውስጥ ያስገባታል፣ በመዳፉ ያጠጣታል፣ ከዚያ በሩን ይቆልፍባታል። ስም አልሰጠኋቸውም። እሱ «ባለውሃው» ነው፣ እሷ «ልጅቷ»። ባለውሃው ጨካኝ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ሌት ተቀን ቁልፉን ታያለች፤ ስትቆይ ስትቆይ ደግሞ ቁልፉን የያዘውን እጅ ማየት ትጀምራለች።

ባለውሃውን ከየት እንዳመጣሁት የኛን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የእህቴ ባል ነው። ባልባላ ውስጥ ዋራበሌ የሚባል ሠፈር አለ፤ ቧንቧው ቀርቶ ቀርቶ ሲመጣ ጨው ጨው ይላል። እሱ እዚያ የቦቴ መኪና እየነዳ ውሃ ይሸጣል። የኛው ሰው ነው፣ ሐበሻ ነው። መኪናውን ሲያቆም ጄሪካን የያዘ ሁሉ ይከበዋል፤ ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ የሚወስነው እሱ ነው። መልኩ ደግሞ እንከን አይወጣለትም፤ ይሄን ባልናገር ደስ ባለኝ።

እህቴን እታለም ነው የምላት። እናታችን ከሞተች በኋላ ትምህርቷን ትታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፀጉሬን ጎንጉና ትምህርት ቤት ትልከኛለች፣ ራሷ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ ትውላለች። ሰው ሳያያት ዕድሜዋ ሊያልፍ ሲል እሱ አያት። ወደደችው። ወይ ልጅ አልወለዱ፣ ወይ አልተፋቱ፣ እንዲሁ ኖሩ።

በሩን ከውጭ ይቆልፍ ነበር። ጠዋት ቦቴውን ይዞ ሲወጣ ይቆልፋል፤ ከሥራ በኋላ ጫት ሊቅም ሲሄድም እንደተቆለፈ ነው። ስጠይቃት «ለሌባ ነው» ትለኛለች። ሌባ የሚፈራ ሰው ሚስቱን ከውስጥ አስቀምጦ ከውጭ ይቆልፋል እንዴ? ስንቴ ተጣላሁ፣ ስንቴ አኮረፍኩ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። አንዳንዴ ስለሱ ስታወራኝ ፊቷ እንዲህ ቦግ ይልና፣ እኔ ደግሞ ሳላስበው የምትለውን ሁሉ ለታሪኬ እለቅመዋለሁ።

አንድ ሐምሌ ቦቴውን ይዞ ከከተማ ወጣ፣ መንገድ ላይ ተበላሸበት፣ እዚያው አደረ። እታለም ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቆልፎባታል። መብራት ጠፋ፣ ቬንቲላተሩ ቆመ፣ ጄሪካኑ ውስጥ የነበረችው ውሃ አለቀች። የውሃ ሻጭ ሚስት እኮ ናት! በማግስቱ ጎረቤቷ፣ አንዲት የአፋር ሴት፣ ማንኪያ ቆርቆሮ ሲመታ ሰማች፤ ቀስ እያለ፣ እየደከመ። ሰው ጠርታ ቁልፉን በመዶሻ አሰበረች። ሐኪም ቤት ስደርስ እህቴ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ አላወቀችኝም። ነፍሷ መለስ ሲል መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እሱ በሰላም ገባ?» ብላ ነው። ግሉኮሱን ከእጇ ነቅዬ ብሄድ ደስ ባለኝ።

ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶኝ ኩላሊቷ ተጎድቷል አለኝ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባት አትተርፍም አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የኔ ጉዳይ አንድ ብቻ ሆነ፤ እታለም ወደዚያ ቤት እንዳትመለስ።

ወደኔ ወሰድኳት። ያን ጊዜ ታሪኩ መሀል ላይ ነበርኩ። ድምፅ የምቀዳው በዚያው በምሳ እረፍት ነው፤ የነፋሱ ጩኸት እንዳይገባብኝ መስኮቱን ዘግቼ፣ ክሊም የምንለውን ማቀዝቀዣም ስለሚጮህ አጥፍቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ። በጅቡቲ ሐምሌ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እታለም ከሐኪም ቤት ከወጣች ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ሳትሞቺ ተገነዝሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ መስማት ጀመረች። እኔ ከውስጥ ሆኜ ልጅቷን አስለቅሳታለሁ፣ እሷ ብርድ ልብሱን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጋ በካርቶን ታራግብልኛለች። ክፍሉ ሲያልቅ «እሺ፣ ነገስ?» ትላለች። ደስ አለኝ። ልጅ ሆኜ ተረት የምታወራልኝ እሷ ነበረች።

ችግሩ ባለውሃውን ወደደችው። «ውይ እሱ! እንዴት አድርገሽ ነው ዓይኑን የጻፍሽው!» ትላለች። እሱ ሲቆጣ ዝም፣ እሱ ሲያጠጣት ፈገግ። እኔ ደግሞ በሆዴ ሌላ ነገር ይዣለሁ። ልጅቷ ቁልፉን ሰርቃ ልትወጣ ነው። እታለም ይሄን ሰምታ «እሰይ፣ እንኳን ወጣች» ካለች፣ የራሷንም ነገር ትቆርጣለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሌላ ምን መሣሪያ አለኝ? ምክር ስመክራት ዓመታት አለፉ።

«ልትወጣ ነው» አልኳት አንድ ቀን፣ ላቤን እየጠረግሁ።

«የት?»

«ውጭ ነዋ።»

«ውጭ ምን አለ?»

«ነፃነት አለ።»

«ነፃነት ይጠጣል?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁት። «አንቺ እኮ ነሽ ሰውን ሁሉ የፈጀሽው። ባሕሩን ያደረቅሽው አንቺ ነሽ። አንድ ዛፍ አልተውሽላት፣ አንድ ጎረቤት አልተውሽላት። እናት የላት፣ አባት የላት። አሁን ተነሽ ውጪ ትያታለሽ። ምን አድርጋሽ ነው?»

«እና አፍኖ ይግደላት?»

«መቼ ገደላት? ያጠጣታል።»

«እታለም፣ የማንን ነው የምታወሪው?»

«ያንቺን ታሪክ ነዋ» አለችና ካርቶኗን አስቀምጣ ተነሳች።

እውነቷን ነው። እንደዚህ ያለ ታሪክ የሚጻፈው እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ውጭውን ትገድላለህ፣ ከዚያ በሩን ትቆልፋለህ። ከማማው ማዶ አንድ ሻይ ቤት፣ አንድ የአክስት ቤት ብተውላት ኖሮ ባለውሃው በአንድ ምሽት ተራ ወንበዴ ሆኖ ይቀር ነበር። ለልጅቷ ሳይሆን ለእህቴ ውጭ መፈለግ ነበረብኝ። ምን አለኝ? አንድ ክፍል ቤት አለኝ፤ «ያንቺ ቤት ነው፣ እንግዳ ነኝ» ትለኛለች። ሥራ ላፈላልግልሽ ስላት፣ በዚህ ጉልበቴ ማን ይቀጥረኛል ትላለች። ጓደኛ የላትም፤ ለስንት ዓመት የተቆለፈ በር ማን ያንኳኳል?

ድሬዳዋ አክስት አለችን፣ የእናታችን ታናሽ። እዚህ ሙቀቱ ሲብስ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ድሬ ይወጣል፤ እኛም ልጆች ሳለን እዚያ ነበር የምንከርመው። ደወልኩላት። «ትምጣ» አለች አክስቴ፤ «አንድ ክፍል አለኝ፣ ግቢው ጥላ ነው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ፣ ትምጣልኝ።» ለእታለም ነገርኳት። ቆይታ «እስቲ ይሁን» አለች። የባቡር ትኬት ቆረጥኩ፣ ለማክሰኞ። ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጀች። ያን ሰሞን እንደ ልጅ ሆንኩ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው ሳልቆጣ ዋልኩ።

ግን አንድ የማየው ነገር ነበር። ከቀትር በኋላ ታጥባ፣ ኩል ተኩላ፣ ነጠላዋን ደርባ ትቀመጣለች፤ ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ። በኛ ባህል ከባሏ ቤት አኩርፋ የወጣች ሴት በእግሯ አትመለስም። ባል ሽማግሌ ይልካል፣ ያስለምናል፣ ትታረቃለች። እታለም ሽማግሌ እየጠበቀች ነበር። እሱ ደግሞ አልላከም። ድሬዳዋን እሺ ያለችኝ ሐኪሙን ፈርታ ሳይሆን እሱ ስላልላከባት መሆኑ ገብቶኛል። ገብቶኝም ዝም አልኩ። እንዳይልክ ጸለይኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለዚህም ስለት ተሳልኩ።

እሑድ መጡ። በዚያ ነፋስ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው የኛን የእንጨት ደረጃ እያንቋቁ ወጡ። ትልቁ ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጉልበታቸውን የምስማቸው አዛውንት ናቸው። ከኋላቸው ያ ሰውዬ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር የባልባላ ድንጋይ ተሸክሞ። የይቅርታ ድንጋይ መሆኑ ነው፣ እንደ ድሮው። ደረጃው ምስጥ የበላው ነው፤ «ደረጃው ይሰበርብኛል፣ ድንጋዩን ከታች ተወው!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሰማኝም።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አልኳቸው። አይቀመጡም። እኔ ለወግ ያህል ብቻ መስሎኝ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸው ተገለበጠ፤ በሰውነታቸው ላይ ላብ እንኳ የለም፣ ደርቀዋል። እጄ ላይ ሊሞቱብኝ ነው አልኩ። በዚህ አገር በዚያ ሰዓት ደረጃህን የወጣ ሰው፣ ጠላትህም ቢሆን፣ ከሰላምታ በፊት ውሃ ይሰጠዋል። እዚህ ያደግን ሁላችን እጃችን እንዲያ ነው የለመደው። ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁ፣ ዞሬ ሰጠኋቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ብርጭቆውን ተቀበሉ። «እግዜር ይስጥልን። ቤቱ ተቀብሎናል» አሉና ጠጡ፤ ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ።

«ምን ማለት ነው ተቀብሎናል?»

«ልጄ፣ ውሃሽን ጠጣን እኮ» አሉኝ፣ ያዘኑልኝ ይመስላል። ለካ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። እናቴ በሕይወት ብትኖር ይሄን ትነግረኝ ነበር። እታለም ግን ታውቃለች። ፍሪጁን ስከፍት፣ ስቀዳ፣ ዞሬ ሳቀርብ፣ መጋረጃው ጋ ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየኛለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ታገልኩ። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፣ ልጄ» አሉ።

«አባቴ፣ እነሱ ቤት ቀጂውም ቆላፊውም አንድ ሰው ነው!»

«ከሚስት ወገን ወንድም፣ አባት የለም?»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺማ ታናሿ ነሽ» አሉኝ፤ በክፋት አይደለም፣ የሚያውቁት ወግ ይኸው ነው። ሌላኛው ነገሩን ለማለዘብ ብለው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አሉና ሳቁ። ሰይጣንነቱን ቢያንስ አምነዋል አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ያ ሰውዬ ተናገረ። ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ ዓይኑን ወደሷ ብቻ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ። «እኔ የምቆልፈው አንቺን ላስር አይደለም። ውጭው እንዳይነካሽ ነው።»

ዘለልኩ። ቃል በቃል ባለውሃው ለልጅቷ የሚላት ነው! ስንት ሴት ከየዓረብ አገሩ ልብ እየላከችልኝ የወደደችው ዓረፍተ ነገር ነው! «የኔ ነው! እኔ ነኝ የጻፍኩት! ከስልክ ላይ ሰምቶ ሸምድዶት ነው!» እያልኩ ጮህኩ። የሽማግሌዎቹ አተያይ፣ ይቺን ልጅ ሙቀቱ ራሷ ላይ ወጥቶባታል እንደማለት ነው።

«ያንቺ?» አለች እታለም፤ ያን ቀን የተናገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «ያገባኝ ዕለት ያለኝ ነው። እኔ ነኝ የነገርኩሽ። ረስተሽው ነው።»

አስታወስኩት። የሠርጉ ሰሞን ነው፤ ሒናው ገና ከእጇ አልጠፋም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሳቋን በመዳፏ እየሸፈነች፣ «እንዲህ አለኝ እኮ፣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ እንዲህ ያለ ነገር?» ብላኝ ነበር። እኔ ያኔ ሞኝ ናት ብዬ ስቄባታለሁ። ከዚያ ስንት ዘመን ቆይቶ ከአፌ ሲወጣ የራሴ መሰለኝ። እሷ ግን አንዲት ቃል አልጠፋባትም፤ በዚያች ቃል ነው ስትኖር የኖረችው።

ሽማግሌዎቹ አስማሉት። በሩን አልቆልፍም ብሎ ማለ። ድንጋዩን አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ተሳሳሙ፣ ተመረቁ። ለድሬዳዋ የተዘጋጀውን ሻንጣ ይዞ ወደ ቦቴው ያወረደው እሱ ነው። እታለም ደረጃው ላይ አቅፋኝ «አትዘኚ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያጠጣሻቸው» አለችኝ ጆሮዬ ላይ። ልታጽናናኝ ነበር መሰለኝ። የማክሰኞው ትኬት እንዲሁ ባከነ። ድንጋዩ እኔ ጋ ቀረ፤ ነፋሱ እንዳይከፍተው መስኮቱን በሱ ነው የማስደግፈው።

መስከረም ሳይጠባ ቁልፉ ተመለሰ። ሠፈሩ ውስጥ ሌባ ገብቷል አሉ። ትልቁ ሽማግሌ ጋ ሄጄ መሐላውን ባስታውሳቸው «እናነጋግረዋለን» አሉኝ፤ አነጋገሩትም። እሱም «እሷው ናት ቆልፍልኝ ያለችኝ» አላቸው። ብጠይቃት እውነት ነው አለችኝ።

እኔ ታሪኩን ጨረስኩት፤ በእልህ። ልጅቷ ቁልፉን ሰርቃ ትወጣለች። አሸዋውን አቋርጣ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ነፋሱ እየቀነሰ ይመጣል። አንድ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ታገኛለች፣ ከወንዙ ዳር ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ግቢ። አንዲት ሴትዮ በሩን ከፍታ «ግቢ፣ ብቻዬን ነኝ» ትላታለች። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ሳነበው አለቀስኩ፣ ላቡና እንባው ተቀላቀለ። ማንም አልወደደውም። «ውሸት ነው» አሉኝ። «ይሄ ዛፍ ከየት መጣ? ሁሉም አልቋል ብለሽ አልነበር?» አሉኝ። «ባለውሃውን መልሺልን» አሉኝ። የትረካው ባለቤት ክፍሉን አንስቶ በሌላ ሰው ሌላ መጨረሻ አስጻፈ፤ ልጅቷ በሩ ድረስ ሄዳ፣ ቁልፉን ይዛ ቆማ፣ ተመልሳ እሱ እግር ሥር ታስቀምጠዋለች። ያኛው በጣም ተሰማ። ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም። ለማን?

አሁን በምሳ እረፍት የምሄደው ዋራበሌ ነው። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ያወርደኛል፤ ጥቁሩን ድንጋይ እየረገጥኩ እወጣለሁ፣ የሚያየኝ ሰው የለም፣ ሁሉም ተኝቷል። እሱ ጫት ላይ ነው። በሩ ላይ ያ ወፍራም ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንዴ መዶሻ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ከውስጥ «ተይ! ሲመጣ ምን ልለው ነው?» እያለች ስታለቅስ መዶሻውን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ውሃ ብቻ ነው የምወስድላት። በሩ ሥር አንድ ጠርሙስ በአግድሙ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ቆርቆሮው ስለሚያቃጥል ሳልደገፍ ቁጭ እላለሁ፣ እሷም በዚያ በኩል ቁጭ ትላለች። እናወራለን። ድምፅዋ እየቀጠነ ነው፤ እግሯ ማበጥ እንደጀመረ ጎረቤቷ፣ ያቺ የአፋር ሴት፣ ነግራኛለች። ሐምሌ ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል።

ባለፈው ሐሙስ ውሃዋን ጠጥታ ሳለች፣ ድንገት፣ «ያቺ ልጅ ምን ሆነች?» አለችኝ። ባሏ ስልኳን ከወሰደባት ቆይቷል፤ መጨረሻውን አልሰማችውም።

«ወጣች» አልኳት።

«ውጭ ምን አገኘች?»

ነገርኳት። ወንዙን ነገርኳት፣ ዛፉን ነገርኳት፣ ሴትዮዋን ነገርኳት። የገለጽኩላት የአክስታችንን ግቢ መሆኑ እንዲገባት ብዬ ጥላውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። አክስታችን አሁንም ክፍሏን ለሰው እንዳላከራየች፣ አሁንም «ትምጣ» እንደምትል ጨመርኩበት። አሁን ስበሪው ትለኛለች፣ አሁን ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጄ ስር የነበረውን ድንጋይ ሳላስበው ጨብጬው ነበር።

«እሱስ?» አለች።

«ማን?»

«ባለውሃው። ወጥታ ስትሄድ፣ አልፈለጋትም?»

ድንጋዩን ለቀቅሁት። «ፈለጋት» አልኳት። «እስካሁን ይፈልጋታል።»

«እሰይ» አለች። ቀጥሎ ባዶው ጠርሙስ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደኔ መጣ። «ይሄን ይዘሽው ሂጂ፤ ሲመጣ እንዳያየው።»